ላብ በውርጭ ማለዳ

ዶክተር ዮናስ ደውሎ «ሲስተር» ሲለኝ ከድምፁ ነገሩ ገባኝ። ረቡዕ ነበር፤ የስኳር ታማሚዎቻችን ቀን። አግዳሚው ሞልቶ የቀረው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ እኔ ካርድ ይዤ ስም እጠራለሁ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው ዶክተር አስካለ ማረፏን ነገረኝና እሱም ማልቀስ ጀመረ። ስልኩን ዘጋሁና ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ዛሬም አላውቅም። ሦስት ሰው ካስተናገድኩ በኋላ ነው ካርዱ ላይ ያለው ፊደል አልነበብ ያለኝ።

ለተሰለፉት ነገርኳቸው። ከግሼ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አለቀሱ። ከዚያ ዕንባቸውን ጠረጉና «የኔን ቀጠሮስ ከእንግዲህ ማን ያየዋል?» አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር፤ እኔ ለቁጣ የምሰንፍ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ከሁላችንም ይልቅ ቁም ነገር የተናገሩት እሳቸው መሰሉኝ። ዶክተር አስካለ ብትሰማ ኖሮ «እውነታቸውን ነው፣ መልሺላቸው» ትለኝ ነበር።

ክሊኒካችን ያለው መሐል ሜዳ ነው። የልብና የሆርሞን ክሊኒክ ይባላል። የልቡ ሐኪም ዶክተር ዮናስ በሳምንት ሁለት ቀን ከደብረ ብርሃን ይመላለሳል፤ የሆርሞኑ ክፍል የዶክተር አስካለ ነበር። ሆርሞን የሚለውን ቃል በሽተኞቻችን አያውቁትም፤ ብዙም አላስቸገራቸውም። እኛ ዘንድ ሲመጣ ወይ እንቅርት ነው ወይ ስኳር።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች ሴት ነበረች። የመጣች ሰሞን ብርዱ አንገበገባት። በሳምንቱ ገበያ ወጥታ ባና ገዛችና ከነጭ ጋዋኗ ላይ ደርባው ሥራ ገባች። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ያገራችን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ስፔሻሊስት ሐኪም ለብሶት አይቼ አላውቅም። ዶክተር ዮናስ «አሁን በሽተኛው ሐኪሟ የትኛዋ ናት ቢል ምን ልበለው?» ብሎ ሲተርባት «የሚበርዳት ናት በለው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ ባና ከትከሻዋ አልወረደችም።

ሳቂታ አልነበረችም። ከባድ ነገር ልትናገር ስትል መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ትወለውላለች። መነጽሩ ሲወልቅ ካየሁ እኔ ወንበር እስብ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ለታማሚው፣ አንዳንዴም ለራሴ።

ዓይኗ ከሰው ፊት ይልቅ አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ የገበያ ቀን ቅቤ ልንገዛ አብረን ወጣን። ሻጯ ስትመዝን እጇ ይንቀጠቀጣል። ዶክተር አስካለ ቅቤውን ትታ እጇን ያዘችና እንዲህ መሆን ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሚዛን ታጭበረብሪያለሽ የተባለች መሰላት። በሚዛን ታምታ እንደማታውቅ በሚካኤልም በገብርኤልም እየማለች ገበያውን በላያችን ሰበሰበችው። ዶክተሯ ግን ሁለት ጣቷን ሴትዮዋ አንገት ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና የደም ሥሯን ትርታ ትቆጥራለች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ያቺ ሴት እንቅርቷ ታክሞ ዛሬ ደህና ናት፤ ክሊኒክ ስትመጣም ቅቤ ሳትይዝ አትመጣም። ዶክተር አስካለ ግን ሁልጊዜ «ቅቤውን አስቀምጪና መጀመሪያ እጅሽን ዘርጊ» ነበር የምትላት።

ቀጠሮ በቁጥር መስጠትም በመጣች በሦስተኛው ወር ተወች። በወሩ በዚህ ቀን ና ቢሉት የገጠሩ ሰው አይመጣም፣ ቢመጣም በሌላ ቀን ነው። «እኛ አገር ቀን የሚቆጠረው በታቦት ነው እኮ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ካርዱ ላይ የሚካኤል ማግስት፣ የማርያም ማግስት፣ የባለ ወልድ ማግስት እያለች መጻፍ ጀመረች። በዓሉን አክብሮ በማግስቱ ይመጣል፤ ከሞላሌም ሆነ ከዓለም ከተማ ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሰው ጠፋ። ኢንሱሊኑንም እንደዚሁ። ወረቀቱ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ ይላል። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ለሚወርዱት እርጥብ አሸዋ የተሞላ ማሰሮ ውስጥ እንዲያኖሩት ነገረች። የመንዝ ሰው ግን ቀዝቃዛ ቦታ ቢያኖረው በውርጭ በረዶ ሆኖ ይበላሻል፤ ስለዚህ ገብስ ጎታ ውስጥ ቅበሩት አለች። «ወረቀቱን የጻፉት ውርጭ የማያውቁ ሰዎች ናቸው» ትል ነበር።

ይህን ሁሉ የምትጠነቀቅ ሴት ናት የተሳሳተችው።

ቄስ ወልደሰንበት ከመሐል ሜዳ ሁለት ሰዓት በእግር የምታስኬድ የአንዲት ትንሽ ደብር ካህን ናቸው። ስኳራቸው በክኒን አልመለስ ሲል መርፌ ታዘዘላቸው። በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ዶክተር አስካለ አወጋጉን ራሷ አስተማረቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንድም ቀን እንዳይዘሉት፣ ከወጉም በኋላ እንዲበሉ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ስለ ጾሙም አነሳች። በሽተኛ በጾም እንደማይገደድ፣ የንስሐ አባታቸውንም ቢያማክሩ ጥሩ እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸውም አሰቡና «እሺ ልጄ፣ ጠዋት እቀምሳለሁ» አሉ። ያሉትንም አደረጉ፤ ሳምንት ሙሉ መርፌውን እየወጉ ቂጣቸውን ቀመሱ።

በሳምንቱ የቅዳሴ ተራቸው ደረሰ። ለካህን ጾምና ቅዳሴ ለየቅል ናቸው። ጾሙን ስለ ሕመሙ ሊተው ይችላል፤ የቀመሰ ካህን ግን አይቀድስም። በሁዳዴ ደግሞ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፣ ሲወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ያቺ ደብር ያሏት ካህናት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቅዳሴ ደግሞ ከሁለት ካህናትና ከሦስት ዲያቆናት ባነሰ አይሆንም። እሳቸው ከቀሩ ቤተ ክርስቲያኗ ያለ ቅዳሴ ልትውል ነው። ስለዚህ መርፌውን ዶክተሯ እንዳለችው ሳይዘሉ ወጉ፣ ምግቡን ተዉ፣ ገቡ።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የሞላሌ ልጅ ነኝ፣ አጎቴም ቄስ ናቸው። ያን ቀን ዶክተሯ ስለ ጾም ስትጠይቃቸው «የቅዳሴው ቀንስ?» የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስፔሻሊስት ናቸው፣ ያውቁታል አልኩና ዋጥኩት። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምላት።

የወደቁት ቅዳሴው ሊፈጸም ሲል ነበር። በቃሬዛ አምጥተው የክሊኒኩ በር ላይ ሲያሳርፏቸው ራሳቸውን አያውቁም፤ የለበሱት ጋቢ በላብ ርሷል። ስኳራቸው ሠላሳ አንድ ነበር፤ ከሰባ መውረድ የለበትም። ሌላ ሰዓት ቢዘገዩ ሬሳ ነበር የምንቀበለው። ዶክተር አስካለ ግሉኮሱን በደም ሥራቸው ስትሰጥ እጇ ንቅንቅ አላለም፤ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡና «ተፈጸመ?» አሉ። ቅዳሴውን ማለታቸው ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሁለተኛው ካህን እንደፈጸሙት ነገራቸው። እፎይ ብለው ተኙ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሰዎቹ ከሰማች በኋላ ወደ ካርድ ክፍል ወሰደችኝ። መነጽሯን አወለቀች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስፔሻሊስት ስለሆኑ።»

መነጽሯን ወለወለች፣ ወለወለች። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በይኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «እናንተ አንቱ የምትሉኝ ከሆነ ስሳሳት ማን ይነግረኛል?»

አልተቆጣችኝም። ምነው በተቆጣችኝ አልኩ። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሐኪም አንቺ ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ምላሴን እንደ አዲስ ማስተማር ነበር።

በተከታዩ እሑድ ተያይዘን በእግር ወደ ደብሯ ሄድን። ዳገቱ ላይ ደጋግማ ትቆም ነበር፤ ብርዱ ነው ትላለች። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ንፍሮ ሲካፈል መሃል ላይ ቆመች። ያቺ ባና በትከሻዋ፣ መነጽሯ በእጇ። «ስለ ጾሙ ጠየቅኳቸው፤ ስለ ቅዳሴው አልጠየቅኳቸውም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ።» ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቅ ማን አይቶ ያውቃል። ቄስ ወልደሰንበት እየተንገዳገዱ ተነሡና መስቀላቸውን አሳለሟት፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔም አልነገርኩሽም» አሏት። እኔም አልነገርኳትም ብዬ መነሳት ነበረብኝ። ያን ቀንም ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ካህን ወይም ዲያቆን ክፍሏ ሲገባ ከስሙ ቀጥላ የምትጠይቀው የሚቀድስበትን ቀን ነበር። የቄስ ወልደሰንበትን መድኃኒት አስተካከለችው፤ የሚቀድሱ ቀን መርፌው ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል፣ የዋዜማውም መጠን ይቀንሳል። ያም ሆኖ ስጋቷ አልለቀቃትም። በዚያ ማለዳ ስኳራቸውን ጣታቸውን ወግተው እንዳይለኩት ደም ከፈሰሳቸው አይገቡም። ስለዚህ በምልክት አስተማረቻቸው።

«አባ፣ በመንዝ ውርጭ ማለዳ ሰው አያልበውም። ካላበዎት ስኳርዎ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ይህን ጎርሰው ውጭ ይቀመጡ» ብላ ሦስት ከረሜላ በፋሻ ቋጥራ ሰጠቻቸው። በየዓመቱ በትንሣኤ ማግስት ያረጀውን ተቀብላ አዲስ ትቋጥርላቸው ነበር።

እሳቸው ቢቀሩ ቤተ ክርስቲያኗ እንዳትዘጋ ደግሞ ሰው ፈለገች። አባ ኃይሉ የሚባሉ፣ ጉልበታቸው ደክሞ ከአገልግሎት ያረፉ ሽማግሌ ካህን እዚያው ደብር አሉ። ሦስት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። በቄስ ወልደሰንበት ተራ ሳይቀምሱ መጥተው የቅዳሴው ኅብስት በሚጋገርበት በቤተ ልሔሙ በር እንዲቀመጡ፣ ከተጠሩ እንዲገቡ፣ ካልተጠሩ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ። እሺ አሉ። አምስት ዓመት ጾመው መጥተው ተቀመጡ፤ አንድም ቀን አልተጠሩም። ሲቀልዱ «እኔ የዶክተሯ መለዋወጫ ጎማ ነኝ» ይሉ ነበር።

አባ ኃይሉ ያልተጠሩት ቄስ ወልደሰንበትን አልቧቸው ስለማያውቅ አይደለም። አንዳንድ ቀን አልቧቸውም እንደሚገቡ ዲያቆናቱ በጆሮዬ ነግረውኛል፣ እኔም ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ። ለዚህ ነው በየቀጠሯቸው፣ መርምራ ስትጨርስ፣ ያላባቸው ቀን እንደሚቀሩ ቃል እንዲገቡላት የምትጠይቃቸው። እሳቸውም መልሳቸው ያው ነበር።

«መድኃኒቱን ያልሽኝን ሁሉ እፈጽማለሁ፤ ይህን ግን ቃል አልገባም። ቆሜ እያገለገልኩ ሞት ቢመጣ ከዚያ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል?»

«ለእርስዎ ክብር ነው አባ» አለቻቸው አንድ ቀን። «ለእኔ ግን ሁለተኛ ስህተት ነው።»

እሳቸው አቀረቀሩ። ቃሉን ግን አልሰጡም። እሷም ካርዳቸው ላይ ከደም ግፊቱና ከክብደቱ በታች «ቃል፦ አልገቡም» ብላ ጻፈች። በየቀጠሮው ትጽፋለች፤ ካርዱ ከላይ እስከ ታች በዚያ ተሞልቷል። ይሄ ደግሞ ምን የሕክምና ነገር ነው ብያት ነበር። «የቀረኝ ሥራ ነው» አለችኝ።

ዳገት ላይ የሚያስቆማት ብርዱ እንዳልነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። ዶክተር ዮናስ ደረቷን አዳመጠ፣ በማሽኑ አየ፤ ልቧ ደክሞ ነበር። ይህ ከፍታ እንደማይስማማት፣ ዝቅ ወዳለ አገር እንድትወርድ ለመናት። እሷ «እስቲ ቀጠሮ ስጠኝ» አለችው። ምን ያድርግ፣ የመድኃኔዓለም ማግስት ብሎ ጻፈላት። ታማሚ ሆና ደግሞ ቀጠሮ አክባሪ ነበረች፤ አንድም ቀጠሮ አላሳለፈችም፣ ከመንዝም አልወረደችም። አምና ክረምት ሲገባ ከቤቷ እስከ ክሊኒክ መሄድ አቃታት፤ ያኔ ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። ባናዋን ከወንበሯ ላይ ትታ ሄደች።

በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። ስለ ራሷ ስጠይቃት ስለ በሽተኛ ትጠይቀኛለች። በመጨረሻው ስልካችን ድምፅዋ ይቆራረጣል። ሁሉንም በየስማቸው አነሳች፣ ቅቤ ሻጯን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ «ቄሱስ?» አለችኝ።

«አልገቡም» አልኳት።

«ይሁን። አንቺ አለሽ» አለችና ተሰናበተችኝ።

አርባዋ በጥቅምት፣ እሑድ ቀን ዋለ። ቤተሰቦቿ አዲስ አበባ አወጡላት። እኛ ደግሞ ከበሽተኞቹ ጋር ሆነን በቄስ ወልደሰንበት ደብር በስሟ እንዲቀደስ ለመንን። ተራው የእሳቸው ነበር፤ ባይሆንም ያስቀይሩት ነበር። ሞቷን ከሰሙ ጀምሮ እህል እንደዘጋባቸው ባለቤታቸው ነግረውኛል።

ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ የእግሬ ጣቶች አይሰሙኝም። አባ ኃይሉ እንደ ወትሯቸው በቤተ ልሔሙ በር ድንጋይ ላይ ዘንጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቄስ ወልደሰንበት ከቤታቸው መጡ። መስቀላቸውን ልሳለም ጎንበስ ስል ብረቱ እንደ በረዶ ነው፤ የያዙበት እጅ ግን እርጥብ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ከጥምጥማቸው ሥር ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ዲያቆናቱ ይጠብቃሉ። በሽተኞቹ በሙሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ይህ ቅዳሴ የእሷ ነው፤ እሳቸውም ለማንም እንደ ዛሬ ሊቀድሱ ፈልገው አያውቁም። እኔ ማን ነኝና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ፊት፣ ካህን የማስቆም? ነገሩ እንደገና ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ጣዕሙን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ውጬዋለሁ።

«አባ፣ አልቦዎታል» አልኳቸው።

«መንገዱ ነው።»

ቤታቸው ከቅጥሩ ሥር ነው። መንገድ የሚባል ነገር የለውም።

«አልቦዎታል አባ» አልኩ ደግሜ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ዞረ።

ቄስ ወልደሰንበት ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ። ግንባራቸውን ጠረጉና መዳፋቸውን አዩት። ቆይተው ቆይተው አዩት። ከዚያ ወደ ዲያቆኑ ዞሩና «አባ ኃይሉን ጥራልኝ» አሉ።

አባ ኃይሉ መጀመሪያ አልገባቸውም። «እኔን?» አሉ። ዲያቆኑ ደገፋቸው፤ ተነሡና ገቡ።

እኛ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቄስ ወልደሰንበት ከደረት ኪሳቸው ያቺን የፋሻ ቋጠሮ አወጡ። አምና ከመሄዷ በፊት የቋጠረችላቸው ናት፤ ፋሻው ቢጫ ሆኗል፣ ወረቀቱ ከከረሜላው ተጣብቋል። አልላጥ ስላላቸው እኔ ልጬ ሰጠኋቸው። ጎረሱት። ከረሜላው በአፋቸው፣ ዕንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ ስልኩ የተደወለልኝ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ። አንዱ በሽተኛችን ዳቦ አመጣላቸውና ቆርሰው በሉ። ከውስጥ የአባ ኃይሉ ደካማ ድምፅ ይመጣል። የክርስትና ስሟን ሲጠሩ ቄስ ወልደሰንበት ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ከውጭም ይሰማል ለካ» አሉኝ።

በሚካኤል ማግስት ለቀጠሯቸው ክሊኒክ መጡ። አዲሱ ሐኪም ገና አልተመደበልንም፤ የለካኋቸው እኔ ነኝ። ደም ግፊታቸውን ጻፍኩ፣ ክብደታቸውን ጻፍኩ። ከዚያ በታች፣ ከእሷ ጽሕፈት ሥር፣ አንድ መስመር ቀርቷል። ቃል ይገባሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። «ቃል፦ አልገቡም» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ «ፈጽመዋል» አልኩበት።